ቀኑ ያልተጻፈበት የዒድ ጥሪ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲጨርስ የሚቀበለው ከተማችን ደጀን ነው። እኛ የደጀን ሙስሊሞች ቁጥራችን ብዙ አይደለም። አጥር የምንጋራው፣ ቡና የምንጠራራው፣ በለቅሶ የሚያስተዛዝነን አብዛኛው ጎረቤታችን ክርስቲያን ነው። ስለዚህ በዒድ ማን እንደተጠራና እንዴት እንደተጠራ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ቀድሞ አንዲት ምስል በቴሌግራም ለሁሉም በትነን እንገላገል ነበር፤ ያን ዓመት ግን አልሆነም። መላውን ያመጡት ቁርኣን የሚቀሩ ልጆቻችን ናቸው። «የሰፈራችን ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባ ስለው በየቤቱ ያዞሩ የለ? እኛስ ለዒድ ካርድ ብንሠራ?» አሉን። ወፍራም ወረቀት ገዛን፤ ልጆቹም መቀስና ቀለማቸውን ይዘው ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀመጡ።

ካርዱ አማረ፤ ጥፋቱ የእኛ የትልልቆቹ ነበር። ረመዳን ሰኞ መጋቢት 2 ቀን ገብቶ ነበርና ሃያ ዘጠኝ ቀን ቆጥረን «ማክሰኞ ሚያዝያ 1» ብላችሁ ጻፉ አልናቸው። ሰኞ ማታ ጨረቃዋ አልታየችም። ረመዳን ሠላሳ ሞላ፤ ዒዱም ረቡዕ ሚያዝያ 2 ሆነ። በዚያው ሌሊት ልጆቹን በየቤቱ ብንልክም አንድ ቤት ተዘለለ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ካርዱን በእጃቸው ይዘው ከደጃችን ቆሙ። ቤታችን እሳት አልነደደበትም። አፈርን፤ የምንለው ጠፋን። እሳቸው ግን «ሼህ፣ እኔስ ምን በልቼ መጣሁ? ሁላችንም ጾም ላይ አይደለን?» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ቀን ነበር።

ረቡዕ ተመልሰው መጡ። ያን ጊዜ ደግሞ ሁለተኛው ጥፋታችን ወጣ። በግ አርደናል፣ ቅቤው ሸትቷል፤ ለጾመኛ እንግዳ የሚሆን ግን አንድም ነገር አላሰብንም። ቡናና ቆሎ ቀምሰው፣ መርቀውን ሄዱ። ቅር አላላቸውም፤ እኛን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨናል። ጠርቶ ባዶ ማዕድ ማቅረብ አለመጥራት ይሻላል ያሰኛል።

ዘንድሮም ዒዱ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላልና፣ ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደምንሠራ እንንገራችሁ።

አንድ መደበኛ የኤ4 ወፍራም ወረቀት ሁለት ካርድ ይወጣዋል። ወረቀቱን መሐል ለመሐል ከሁለት ቆርጦ እያንዳንዱን ማጠፍ ነው። ሃያ ወረቀት አርባ ቤት ይጠራል ማለት ነው። ወፍራም ወረቀት ዝም ብሎ ከታጠፈ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ማስመሪያ አስደግፎ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫፍ የሚታጠፍበትን መስመር ጫን አድርጎ ማስመር ያስፈልጋል። ከፊት ለፊቱ የጨረቃ ቅርጽ በምላጭ ይበሳል፤ ምላጩን ትልቅ ሰው ይያዝ። ከበስተኋላ የከረሜላ መጠቅለያ ወይም ሌላ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሲለጠፍ ጨረቃዋ ታበራለች። ኮላው ስስ ይሁን፤ ከበዛ ወረቀቱ ይጨማደዳል። እስኪደርቅም ከባድ ነገር ይጫነው። ልጆቹ አንዴ ሙስሐፍ ሊጭኑበት ሲሉ ደርሰናል፤ የአላህ ቃል የካርድ መጫኛ አይደለም።

ይህን ካነሳን ዘንድ፣ በካርዱ ላይ የቁርኣን አንቀጽ አንጽፍም። በልጅነታችን የቀራነው በእንጨት ሉሕ ላይ ነው። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ጽፈን፣ ሐፍዘን ስንጨርስ እናጥበዋለን፤ የታጠበበትን ውኃ እንኳ እግር በማይረግጠው ቦታ ነበር የምናፈሰው። የጥሪ ካርድ ግን ነገ ከመንገድ ይወድቃል፣ ዕቃ ይጠቀለልበታል። ሰላምታና መልካም ምኞት ይበቃዋል።

ቀኑን ክፍት እንተወዋለን። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት አሥራ አንድ ቀን ያህል ያጥራል፤ ወሩም ሃያ ዘጠኝ ወይም ሠላሳ ይሆናል። ይህን አስቀድሞ የሚቆርጥልን የለም። ካርዱ «በዒዱ ዕለት ከዙህር ሶላት በኋላ» ይላል፤ ከሥሩ ለቀኑ ባዶ መስመር አለ። ጨረቃዋ በታየችበት ማታ ልጆቹ መስመሩን ሞልተው ያድላሉ፤ የቤቶቹንም ስም ዝርዝር ይዘው እያንዳንዱን ምልክት ያደርጉበታል። ከዚያ ወዲህ የተዘለለ ቤት የለም።

ከመጨረሻው መስመር ላይ «የጾም ምግብ ለብቻው ተዘጋጅቷል» ብለን እንጽፋለን። ቃላችን እንዳይታጠፍ ሽሮውንና ምስር ወጡን አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታችን በራሷ ድስት እንድትሠራልን እናስቸግራለን። ከጾሙ በኋላም ቢሆን እነሱ የእኛን ሥጋ፣ እኛም የእነሱን አንበላም፤ ይህ ከአባቶቻችን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ አብሮ መቀመጥን ግን ከልክሎን አያውቅም።

አንድ ነገር እንጨምር። ካርድ የሚያምር ነገር ስለሆነ እጃችን ወደ ባለሥልጣኑና ወደ ባለሱቁ ቤት ይቸኩላል። ከምግብ ሁሉ ክፉው ሀብታም ተጠርቶ ድሃ የሚቀርበት የድግስ ምግብ እንደሆነ በሐዲስ ተላልፎልናል። ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት ለድሃው ይደርሳል፤ ግን እህል መስጠት አንድ ነገር ነው፣ «ና፣ አብረን እንብላ» ማለት ሌላ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን የምንጀምረው ከመስጊዱ ደጅ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ልጁ ካርዱን አንብቦለት በእጁ ይሰጠዋል።

ባለፈው ዓመት አዛውንቱ ጎረቤታችን ቤት ገብተን ነበር። ያቺ ቀኗ የተሳሳተች ካርድ ከመስኮታቸው አጠገብ ተሰክታለች። እንዲጥሏት ለመንናቸው፤ «ሁለት ቀን የተጠራሁባትን ካርድ እንዴት እጥላለሁ?» አሉን።

ዒዱን በሰላም ያድርሰን፤ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ጾሙን በሰላም ያስፈጽማቸው።