የጁፒተር ሌንስ ጠባይ በመንዝ ብርሃን

መንዝ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው ሁለት ነገር ማንሳት ይፈልጋል። አንዱ ባና ደርቦ አጠገቡ የቆመ ሰው ፊት ነው፤ ሌላው ከጓሳ አፋፍ ወደ ቆላው ቁልቁል የሚታየው ገደል። መርሐቤቴ ቢወርድም የጀማ ሸለቆ ያንኑ ምኞት ይቀሰቅስበታል። በአሮጌ የሶቪየት ሌንስ ግን ቅርቡንና ሩቁን እኩል ማስደሰት አንዳንዴ አይቻልም። ምክንያቱን ማወቅ ሌንሱን ከመፍታት ይቀድማል፤ ሳይለካ ተፈትቶ የተበላሸ ደኅና ሌንስ ብዙ ነው።

እዚህ የማነሳው ጁፒተር-8ን ነው። ዘሩ ጀርመናዊ ነው። ሉድቪግ በርተለ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለዛይስ ኩባንያ ዞናር የተባለውን ሌንስ ነደፈ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች ንድፉን ወስደው ጁፒተር ብለው አመረቱት። ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል፤ ዞርኪና ፌድ ካሜራዎች ላይ በ39 ሚሊ ሜትር ጥርስ እየዞረ ይጠብቃል። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ከተማሩት ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለ ካሜራ ይዘው የተመለሱ ነበሩ። ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኙት ዜኒት ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ የቀድሞዎቹ ዜኒቶች ሌንስም ጥርሱ 39 ነው፣ ዞርኪ ላይም ይገባል፣ ምስሉን ግን አያጠራም።

ዞርኪ፣ ፌድና ላይካ ሬንጅፋይንደር ይባላሉ። ፎቶ አንሺው የሚያየው በሌንሱ ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ ባለ መስኮት ነው። በመስኮቱ መካከል አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ የሌንሱን ቀለበት ሲያዞሩ ሁለቱ ይቀራረቡና ይገጥማሉ። ይህን የሚያደርገው የሌንሱ ጀርባ የሚገፋው ትንሽ ክንድ ነው። ክንዱና ሌንሱ በአንድ ልክ ካልተሠሩ መስኮቱ ላይ የገጠመው ፊልሙ ላይ ይደበዝዛል።

ጁፒተር-8 ላይ የተጻፈው 50 ቢሆንም እውነተኛ የትኩረት ርዝመቱ 52.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የላይካ ክንድ የተስተካከለው ለ51.6 ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሆኖም ጁፒተሩን ላይካ ላይ ገጥመው፣ አንድ ሜትር ላይ የቆሙ አዛውንትን ዓይን ቢያነጣጥሩ፣ ጥራቱ የሚያርፈው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው። በኤፍ 2 ጥርት ብሎ የሚወጣው ደግሞ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይናቸው ይደበዝዝና የጆሮ ግንዳቸው ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ፈተናው ቀላል ነው። ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ካሜራውን በአንድ ሜትር ርቀት በሰያፍ አስቀምጠው፣ አንድ መስመር ላይ ያነጣጥሩ። ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ያንሱ። ደጋግመው ሲሞክሩት ሁልጊዜ የሚጠራው የኋለኛው መስመር ከሆነ መላው ወረቀት ነው። የጁፒተር-8 የመስታወት ክፍል ከማዞሪያው ተፈትቶ ይወጣል፤ መጋጠሚያው ላይ ስስ የብረት ቀለበት አለ። ከተራ የኮፒ ወረቀት ተቆርጦ በላዩ የሚጨመር ቀለበት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የጎደለውም ያንኑ ያህል ነው። ወረቀቱ ለሙከራ ነው። ልኩ ሲረጋገጥ በስስ የመዳብ ቀለበት ይተካል።

ዕዳው የሚመጣው ገደሉ ላይ ነው። ወረቀት የገባበት ሌንስ በኤፍ 2 ሩቁን አያጠራም። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ሲያጠቡት ግን ስህተቱ አይታይም፤ በቀን የመንዝ ፀሐይ ላይ ደግሞ ለኤፍ 8 የሚበቃ ብርሃን ሞልቷል። በእኔ ግምት ሰው ለሚያነሳ ሰው ይህ ዕዳ የሚከፈል ነው። ገደልና ሜዳ ብቻ ለሚያነሳ ግን ሌንሱን መንካት አያስፈልግም።

የማይጠገን፣ የሚለመድ ጠባይም አለ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ አልትራቫዮሌት ይበረታል፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ሩቁ ተራራ ይነጣል። ጁፒተር-8 ላይ የሚገባ ባለ 40.5 ሚሊ ሜትር ቢጫ ማጣሪያ ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። የመስታወቱ ሽፋን ከዛሬዎቹ ስለሚደክም ፀሐይ ከፊት ስትመጣ ምስሉ ይገረጣል፤ ጥላ መከላከያ ያድርጉለት። በንጋት ብርድ አሮጌው ግራሶ ይጠጥርና ቀለበቱ አልዞር ይላል፤ ካሜራውን ጋቢ ውስጥ ይያዙት። እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲገቡ ደግሞ አስቀድመው በላስቲክ ቋጥረው፣ ሙቀቱን እስኪላመድ አይክፈቱት፤ አለዚያ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይይዛል።

ዛሬ ብዙ ወጣት ፎቶ አንሺ በእጁ ያለው ዲጂታል ነው። መስታወት ያለው የካኖን ዲኤስኤልአር ለጁፒተር አይሆንም፤ ሌንሱ ከፊልሙ 28.8 ሚሊ ሜትር ላይ መቆም ሲኖርበት ካኖኑ 44 ላይ ያቆመዋል፣ ሩቁን ፈጽሞ አያጠራም። ሚረርለስ ካሜራ ግን ቦታ አለው፤ በማገናኛ ቀለበት ይገጥማል። እዚያ ላይ ክንድ የለም፤ የሚታየው ሌንሱ ያየው ራሱ ነው። የሚያነሱትን ሰው ዓይን በስክሪኑ ላይ አጉልተው ያጥሩ፣ ገደሉንም እንዲሁ። ካሜራዎ ሚረርለስ ከሆነ ሌንሱን አይፍቱት።