ሆርቫት፦ ስደት ያወጣው ስም

በክሮኤሽያ ከሁሉ በላይ የተበራከተው የቤተሰብ ስም ሆርቫት ነው። ትርጉሙ «ክሮአት» ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ታዲያ በገዛ አገሩ ያለን ሰው ለይቶ «ክሮአት» ብሎ መጥራት ለምን አስፈለገ? ሁሉም ክሮአት አይደለም እንዴ?

ነገሩ ወዲህ ነው። የኦቶማን ቱርክ ጦር ወደ ሰሜን በገፋ ጊዜ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1493 የክሮአት መኳንንት ክርባቫ ሜዳ ላይ ካለቁ በኋላ፣ ሕዝቡ ቀዬውን እየለቀቀ ተሰደደ። ከፊሉ ዛግሬብ ወዳለችበት ምድር ገባ። ያ ምድር ያኔ የሚጠራው ስላቮኒያ ተብሎ ነበርና ነባሩ ሰው እንግዳውን በመጣበት አገር ስም ጠራው። የቀረው ሃንጋሪን አቋርጦ የዛሬዪቱ ስሎቫኪያ ድረስ ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ1563 የተፈጸመው የትሬንት ጉባኤ ካህናት ጋብቻን በመዝገብ እንዲያሰፍሩ ካዘዘ ወዲህ፣ መጠሪያው እየተጻፈ ለልጅ ልጅ ተላለፈ።

ዛሬ በስሎቫኪያም ቀዳሚው የቤተሰብ ስም ይኸው ነው። ሆርቫት የተባለ ሁሉ ግን የክሮአት ዘር አይደለም፤ ብዙ የሮማ ቤተሰቦችም ይጠሩበታል። በቼኮችና በስሎቬኖች ዘንድ አንደኛ የሆነው ኖቫክ ደግሞ፣ በእኛ ፖለቲካ ስድብ ሆኖ የቀረው ቃል ነው፦ መጤ።