ሰመመኑ ምን ያህል ጠለቀ?

ሆራስ ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1844 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ስቦ የራሱን ጥርስ አስነቀለ፤ ሕመም አልተሰማውም። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ቦስተን ውስጥ በሕክምና ተማሪዎች ፊት ሲደግመው ግን ታካሚው ጮኸ፤ ተመልካቹም አሾፈበት። ዌልስ በኋላ እንዳስረዳው የጋዙ ከረጢት ያለጊዜው ተነሥቶ ነበር። መድኃኒት ነበረው፤ የታካሚውን የሰመመን ልክ የሚያውቅበት መንገድ ግን አልነበረውም።

መቀሌ ውስጥ ጥርሱን የሚያስነቅል አብዛኛው ሰው ድዱን በመርፌ ደንዝዞ፣ ነቅቶ ነው የሚታከመው። ሰመመን የሚታሰበው በፍርሃት አልቀመጥ ላለ ሕፃን ወይም አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ለቀረ መንጋጋ ጥርስ ነው። ታዲያ አፍ የሥራ ቦታም የመተንፈሻ መንገድም በመሆኑ ልኩን መሳት ያስከፍላል። ውኃው፣ ደሙና ጥጡ ሁሉ ጉሮሮ ደጃፍ ላይ ነው፤ ሰመመኑ በጣም ከጠለቀ ደግሞ ሳሉ ራሱ ይደክማል።

በ1974 እ.ኤ.አ. ራምሴይና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የሰመመን ልክ መለኪያ 6 ደረጃ አለው። አንደኛው ላይ ታካሚው ይጨነቃል፣ ይቁነጠነጣል፤ ሁለተኛው ላይ ተረጋግቶ ይተባበራል፤ ሦስተኛው ላይ ሲታዘዝ ብቻ ይመልሳል። አራተኛው ላይ ተኝቷል፣ ግንባሩ በጣት መታ መታ ሲደረግ ግን ቶሎ ይነቃነቃል። አምስተኛው ላይ ምላሹ ይዘገያል፣ ስድስተኛው ላይ ምንም የለም። ለጥርስ ወንበር የሚበጀው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው።

መሣሪያው እንግዲህ ድምፅ ነው። «አፍህን ክፈት» ተብሎ ስንት ሰከንድ ቆይቶ ከፈተ? ትእዛዙ በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት፤ ትግርኛ ብቻ የሚያውቅ አዛውንት በአማርኛ ተጠይቀው ዝም ቢሉ ሰመመኑ ጠልቋል ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው። በጥርሶች መካከል የሚገባው የጎማ መደገፊያም ሥራ ያቀላል፣ ምልክት ግን ይደብቃል። ታካሚው በራሱ ጉልበት አፉን ከፍቶ ሲቆይ ክፍቱ አፍ ራሱ መለኪያ ነው፤ መንጋጋው መላላት ሲጀምር ሐኪሙ ወዲያው ያየዋል። እኔ ብሆን መደገፊያውን ሳልቸኩል ነበር የማስገባው።

ግንባር ላይ በሚለጠፍ ወረቀት የአንጎልን ኤሌክትሪክ አንብቦ ከ0 እስከ 100 ቁጥር የሚሰጥ ቢስ የሚባል መሣሪያም አለ። ከ40 እስከ 60 የሙሉ ሰመመን ክልል ነው፤ ለጥርስ ሕክምና የሚፈለገው ከዚያ በላይ ያለው ነው። ግን አገራችን ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት የሰመመን መድኃኒት፣ ኬታሚን፣ ቁጥሩን አያወርደውም፤ እንዲያውም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሰውየው ሄዷል፣ ማሽኑ ነቅቷል ይላል። የግንባርና የመንጋጋ ጡንቻ እንቅስቃሴም ያደናግረዋል። ተለጣፊው ደግሞ አንዴ ተሠርቶበት የሚጣል ነው። በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል መሠረታዊ መድኃኒት እንኳ ያጣበትን ጊዜ ያሳለፈ ከተማ፣ በየጊዜው በሚገዛ ዕቃ ላይ ብቻ የቆመ መለኪያ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ያውቀዋል።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ለመሆን ጥቂት በቀረው መጠን ያንሳል። ጋዝ የሚያደነዝዘው በመቶኛው ሳይሆን በግፊቱ ልክ ስለሆነ፣ 50 በመቶ ናይትረስ ኦክሳይድ እዚህ የሚኖረው ኃይል ምጽዋ ላይ 38 በመቶው ከሚኖረው ጋር ይቀራረባል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም ጤነኛ ሰው ላይ 95 አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ከዚያ በታች ያለው ቁልቁለት ግን ቅርብ ነው። ተጨማሪ ኦክስጅን ሲሰጥ ቁጥሩ 99 ይደርስና ትንፋሹ እየደከመ እንኳ ለደቂቃዎች እዚያው ይቆያል። ስለዚህ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያነብ ካፕኖግራፍ፣ እሱ ከሌለ ደግሞ አንገት ላይ የተቀመጠ ማዳመጫና ከደረት የማይነሣ ዓይን ያስፈልጋል።

ያ ዓይን የነቃዩ ሊሆን አይችልም። እሱ ሥሩ ላይ ነው ያለው። ሌላ የሠለጠነ ሰው ራስጌ ቆሞ ታካሚውን በስሙ እየጠራ፣ የመለሰበትን ሁኔታ፣ ትንፋሹንና የልብ ምቱን በየ5 ደቂቃው ይጽፋል፤ ጥርሱ ከወጣ በኋላም መጻፉ ይቀጥላል። ሕመሙ ሲቆም መድኃኒቱ ብቻውን ይቀራልና፣ ሰመመኑ ድንገት ሊጠልቅ የሚችለው ያኔ ነው።