በረኪናና የነጋዴው አደራ

ክረምት ሲበረታ ርብና ጉማራ ከአፋቸው እየሞሉ በፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ጎርፍ ከቤት በገባ ጊዜ የወረታ ነጋዴ ከሚፈለጉበት ዕቃዎች አንዱ በረኪና ነው። ታዲያ የቤት ማጽጃ መድኃኒት ጀርሞችን ይገድላል ወይስ ያለማምዳል?

መልሱ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ነው። ትሪክሎሳን የተባለው ቅመም በጥቂቱ ሲገኝ ጀርሙን የሚወጋው ስብ በሚሠራበት በአንድ ስፍራ መኾኑን የአሜሪካ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1998 ገለጡ። ጀርሙ ያችን ስፍራ ከለወጠ መድኃኒቱ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ መንግሥት ይህንኑ ጨምሮ 19 ቅመሞች ከእጅና ከገላ መታጠቢያ ሳሙና እንዲወጡ አዘዘ፤ አምራቾቹ ከተራ ሳሙናና ውሃ የተሻሉ መኾናቸውን አላስረዱምና።

በረኪና ግን ጀርሙን በአንድ ጊዜ ከብዙ ወገን ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ መልመዱ አስቸጋሪ ነው። ኾኖም ፀሐይ፥ ሙቀትና ዕድሜ ያደክሙታል፤ ጭቃም ኃይሉን ይጨርሰዋል። ውሃ የተቀላቀለበት በረኪና ሲሸጥ ጀርሙ በሕይወት ይተርፋል፤ ገዢው ግን ቤቱ የጸዳ ይመስለዋል።

እንግዲህ ነጋዴው ዕቃውን ከፀሐይ ያርቅ፤ ጊዜው ያለፈበትን አይሽጥ። ገዢም አስቀድሞ ጭቃውን በሳሙና ይጠብ፤ ከዚያ በኋላ በረኪናውን በታዘዘው መጠን ይጠቀም፤ ከአሲድ ጋር ከቶ አያደባልቅ። ለመጠጥ ውሃ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን ብቻ ይግዛ። በቀጠነ በረኪና የሚገኝ ትርፍ የደንበኛን ጤና የሚያስከፍል ነው።