የበርት ሞሪዞ ነጭ አበቦች

በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ሥዕል አለ፦ በጎድጓዳ ሳህን የተቀመጡ ነጭ አበቦች። ፈረንሳዊቷ በርት ሞሪዞ እ.ኤ.አ. በ1885 የሳለችው ነው። እንዲህ ያለውን ሥዕል ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ደስ ይላል፤ የሴት እጅ ያስታውቃል» ብሎ ያልፋል።

አበባ ግን የሴት ብቻ ድርሻ ሆኖ አያውቅም። ሠዓሊው ኤዷር ማኔ በሕይወቱ መጨረሻ፣ ሕመም ጸንቶበት ሳለ፣ ደጋግሞ የሳለው አበባ ነው። ሞሪዞ በአንጻሩ አብዝታ የሳለችው ሰው ነው፤ የአበባ ሥዕሎቿ ጥቂት ናቸው። አበባ የሴት ነው የሚለው ግምት የመጣው ከፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ነው። አካዳሚው ታሪካዊ ሥዕልን ከላይ፣ አበባና ፍራፍሬን ከግርጌ አስቀምጦ ነበር። ታሪካዊ ሥዕል ለመሳል እርቃን ገላ እያዩ ማጥናት ያስፈልጋል፤ የመንግሥቱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግን ለሴቶች የተከፈተው በ1897፣ ሞሪዞ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በሩን ዘግቶ «ሴቶች የሚወዱት አበባ ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሞሪዞ የማኔ ተማሪ ነበረች የሚሉም አሉ። ሁለቱ የተዋወቁት በ1868 ሲሆን፣ እሷ ግን ከ1864 ጀምሮ የፓሪስ ሳሎን በተባለው ይፋዊ የሥዕል ኤግዚቢሽን ሥዕሎቿን ታቀርብ ነበር።

እኔን አብዝቶ የሚከነክነኝ ስለ ሥዕሉ «በችኮላ የተሠራ ነው» የሚለው አስተያየት ነው። ብሩሹ ያለፈበት መንገድ ሁሉ ስለሚታይ ቀላል ይመስላል። ግን እርጥብ ቀለም በእርጥብ ቀለም ላይ ሲያርፍ ይደፈርሳል፤ ነጭ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ይቆሽሻል። ነጩን ሳያቆሽሹ ጥላ ማልበስ፣ እጅ አንዴ ባረፈበት ቦታ ረክቶ ማቆም፣ የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል። ይህች ሴት ከ1869 በፊት የሳለቻቸውን ሥዕሎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም በገዛ እጇ አጥፍታለች። በሥራዋ ላይ እንዲህ የምትጨክን ሰው በችኮላ ረክታ ብሩሿን አታስቀምጥም።

ሥዕል ለእሷ የጊዜ ማሳለፊያም አልነበረም። ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሠዓሊዎች ካዘጋጇቸው ስምንት ኤግዚቢሽኖች በሰባቱ ተሳትፋለች። በ1875 እነ ሞኔና ሬኗር ሥዕሎቻቸውን ለጨረታ ባቀረቡበት ቀን ከሁሉ የላቀውን ዋጋ፣ 480 ፍራንክ፣ ያወጣው የእሷ ሥዕል ነው። በ1895 ስትሞት ግን በሞት የምስክር ወረቀቷ ላይ «ሥራ የላትም» ተብሎ ተጻፈ። በፓሲ መካነ መቃብር ያለው ድንጋይም ከስሟ ቀጥሎ የሚያነሣው ባሏን፣ የኤዷርን ወንድም ነው፦ የኧዤን ማኔ መበለት።