ፀጉር አስተካካዩን ለቀቅ አድርጉት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ፀጉር ቤት ወረፋ የጠበቀ ሰው ይህችን ሳይሰማ አይወጣም፦ «የማሽን በሽታ አንገቴን ፈጀኝ!» ማዘዣው ወዲያው ይከተላል። አንዱ አልኮል፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስተኛው ያለ ሐኪም የተገዛ ቴትራሳይክሊን። አሁን ደግሞ የቧንቧው ክሎሪን ተከሳሽ ሆኗል። ክሎሪን ቆዳ ያደርቅ ይሆናል፤ ፀጉር ግን አያጥፍም።

ማሽን መጽዳት አለበት። ቆረቆርም ሆነ በደም የሚተላለፍ በሽታ ባልጸዳ መሣሪያ ሊጋባ ይችላል፤ ይህ አያከራክርም። ከተላጨን በኋላ ከአገጭ በታች የሚያሳክኩት ትንንሽ እብጠቶች ግን በአብዛኛው የራሳችን ፀጉር ተመልሶ የወጋን ናቸው።

ከርዳዳ ፀጉር የሚበቅልበት ከረጢት ከቆዳው ሥር የታጠፈ ነው፤ ፀጉሩም እየተጠቀለለ ይወጣል። ጺም ሲረዝም ይህ ጉዳት የለውም። ምላጭ ሲያልፍበት ግን ጫፉ በሰያፍ እንደተቆረጠ ሸንበቆ ይሾላል፤ ትንሽ ሲያድግ ይታጠፍና ከወጣበት አጠገብ ቆዳውን ይበሳል። ሌላው መንገድ የባሰ ነው። ቆዳውን በጣታችን ወጥረን ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ስንላጭ፣ ስንለቀው ጫፉ ወደ ውስጥ ይሰወራል። ሲያድግም የከረጢቱን ግድግዳ በጎን ወግቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ባለ ብዙ ስለት መላጫም ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ይስባል፣ ተከታዩ ዝቅ አድርጎ ይቆርጠዋል። ያ የምንወደው ልስላሴ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰውነት የገባበትን ፀጉር እንደ ባዕድ ነገር ይዋጋዋል፤ ያብጣል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል። መግሉን ያየ «ጀርም ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ ባክቴሪያም ኋላ ሊደረብ ይችላል። መነሻው ግን እሱ አይደለም።

ዘርም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በአንድ የኬራቲን ዘረመል ላይ ለውጥ ያላቸው ሰዎች ለዚህ ችግር ስድስት ጊዜ ያህል የበለጠ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ለውጡን የያዘ ሁሉ ግን አይታመምም፤ ካልተላጩ ነገሩ አይነሳም። ወሎ ውስጥ ጺማቸውን ያሳደጉትን ቄሶችና ሼሆች አንገት ተመልከቱ።

እንግዲህ መድኃኒቱ መላጨትን ለሦስትና አራት ሳምንት መተው ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የደረሰ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ስቦ ይወጣል። በመሥሪያ ቤት ደንብ ምክንያት መላጨት የግድ የሆነበት ሰው ማሽኑን ዜሮ አያስደርግ፤ ትንሽ ያስተርፍ። ምላጭ ከያዘም ጺሙን በሞቀ ውሃ አርሶ ወደ በቀለበት አቅጣጫ ይላጭ፣ ቆዳውን አይወጥር። በወረንጦ መንቀል ችግሩን ይደግመዋል፤ አዲሱ ፀጉር ሲወጣ ከረጢቱን ሊበሳ ይችላል። ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ለወራት መቀባት ቆዳ ያሳሳል። አዳፓሊንና ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ይረዳሉ፤ ሐኪም ይዘዛቸው።

ማጅራት ላይ የሚወጣው ጠጣር እብጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ስሙ አክኔ ኬሎይዳሊስ ነው። አንዳንዶች እሱንም የተመለሰ ፀጉር ያመጣዋል ይላሉ፤ ሌሎች የፀጉር ከረጢቱ እብጠት ይቀድማል፣ ፀጉሩ ኋላ ነው የሚገባው ባዮች ናቸው። የኮሌታ ፍትጊያና በጣም ዝቅ ያለ ቁርጥ ያባብሱታል ይባላል፤ ከሁሉም ብቻውን ምክንያት መሆኑ የተረጋገጠ የለም። የሚያስማማው፣ ገና ሳይጠጥር መታከሙ ነው፤ ከጠጠረ መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። የደሴ ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲያገለግል የኖረው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል።