ፖም ለቀማ በሸናንዶዋ ሸለቆ

አንባቢ ሆይ! ለትምህርት ወይም ለመንግሥት ጉዳይ ወደ ዋሽንግተን የመሄድ ዕድል ቢገጥምዎና ወራቱ መስከረም ወይም ጥቅምት ቢሆን፤ እዚያ ከሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችን አንዱ «ቅዳሜ ፖም ለቀማ እንሂድ» ሊልዎ ይችላል። እርስዎም «ፖም በየሱቁ ተከምሮ ሳለ፤ ሰው ስለ ምን ገንዘቡን ከፍሎ ጉልበቱንም ይጨምራል?» ብለው ይደነቁ ይሆናል። ቢሆንም ግብዣውን እሺ ይበሉ። ቀኑ የመዝናኛ ቀን ነው፤ ዐይኑን ከፍቶ ለሄደ ሰው ግን ለአገር የሚጠቅም ትምህርት ይገኝበታል።

በእኛ አገር አደይ አበባ ሜዳውን በሚያለብስበት ወራት፤ በዚያ አገር የዛፉ ቅጠል ቢጫና ቀይ ሆኖ ለመርገፍ ይሰናዳል። ጠዋት ከዋሽንግተን ተነሥተው 66 ቁጥር የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘው ወደ ምዕራብ ሲጓዙ፤ ከተማው ያልቅና ብሉ ሪጅ የተባሉት ተራሮች ከፊት ይታያሉ። ከተራሮቹ ማዶ ያለው ለም ምድር በቨርጂኒያ ግዛት የሚገኘው የሸናንዶዋ ሸለቆ ነው። ከዋሽንግተን 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ዊንቸስተር የዚህ ሸለቆ የፖም ከተማ ነው፤ በ1924 የተጀመረ፤ በጸደይ የሚከበር የፖም አበባ በዓልም አለው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። የቨርጂኒያ አገረ ገዢ የነበሩትና ከ1933 እስከ 1965 በሴኔት የተቀመጡት ሃሪ በርድ በዚሁ አካባቢ ስመ ጥር የፖም አልሚ ነበሩ።

እርሻው እንደ ደረሱ በር ላይ ከረጢት ወይም ቅርጫት ይገዛሉ፤ ዋጋውም እንደ መጠኑ ነው። መስፈሪያቸው ቡሼል ይባላል፤ አንድ ቡሼል ፖም 19 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ለሁለት ሰው ሩቡ ይበቃልና በዐይንዎ አይስገብገቡ። ልጆች በትራክተር በሚጎተት ጋሪ ይዞራሉ፤ ትኩስ ዶናትና ከፖም የተጨመቀ ሲደር የሚባል መጠጥም ይሸጣል። ለባለ እርሻው ጥቅሙ ግልጥ ነው፤ የለቃሚ ደመወዝና የነጋዴ ትርፍ ሳይወጣበት ፍሬውን እዚያው ከዛፉ ሥር ይሸጣል። ነገር ግን እርስዎ በጨዋታ የሚሠሩት ሥራ ለሌላው እንጀራው መሆኑን አይዘንጉ። በትልልቆቹ እርሻዎች ከጃማይካና ከሜክሲኮ የሚመጡ ሠራተኞች መሰላል ተደግፈው፤ ከረጢት አንግተው፤ ወራቱን ሙሉ ሲለቅሙ ይውላሉ።

ሲለቅሙ ቅርንጫፉን አይጎትቱ፤ ዛፉንም አያወዛውዙ። ፍሬውን በመዳፍዎ ይያዙና ወደ ላይ ቀና አድርገው በጥቂቱ ያዙሩት፤ የበሰለ ከሆነ ራሱ ይለቃል። እምቢ ካለ ጊዜው አልደረሰምና ይተዉት፤ በኀይል የጎተተ ሰው የሚመጣውን ዓመት አበባ የሚያወጣውን እንቡጥ አብሮ ይገነጥላል። ፀሓይ የሚያገኘው የውጪው ፍሬ ቀድሞ ስለሚበስል ከዚያ ይጀምሩ። ወደ ከረጢቱም አይወርውሩት፤ የተቀጠቀጠ ፖም ጎረቤቱን ያበሰብሳል። ቤትዎ ሲመለሱ በቀዝቃዛ ስፍራ ያኑሩት፤ ኤትሊን የተባለ ጋዝ ስለሚያወጣ አጠገቡ ያለውን ሙዝ ቶሎ ያበስልብዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከዛፉ ሥር ቁጭ ብለው ፖሙን ገምጠው ሲጨርሱ፤ ከመካከሉ ጥቂት ቡናማ ዘሮች ያገኛሉ። ወዲያውም «ይህን በመሐረብ ቋጥሬ ወስጄ በአባቴ ጓሮ ብተክለውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ዘሩ ግን ያታልላል። የፖም አበባ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ዝርያ ብናኝ አያፈራም፤ ንቦች ከሌላ ዝርያ ዛፍ ብናኝ ያመጡለታል። ስለዚህ ከዘር የበቀለው ዛፍ የእናቱን ጣዕም አይዝም፤ አብዛኛውም ትንንሽና ጎምዛዛ ፍሬ ያፈራል። ይህንንም ለማወቅ ብዙ ዓመት ውሃ ማጠጣት ያሻል። ጠባብ መሬት ላለው ገበሬ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው።

ታዲያ መልካሙ ዝርያ እንዴት ይበዛል? ጎልደን ዴሊሽየስ የሚባለውን ቢጫ ፖም እንውሰድ። ይህ ፖም የተገኘው በጎረቤት ግዛት በዌስት ቨርጂኒያ፤ ክሌይ በተባለው አውራጃ፤ በሙሊንስ ቤተ ሰብ እርሻ ላይ በአጋጣሚ ከበቀለ አንድ ዛፍ ነው። በ1914 ስታርክ ወንድማማቾች የተባሉ የችግኝ ነጋዴዎች ያንን ዛፍ በ5,000 ዶላር ገዝተው፤ ቅርንጫፉ እንዳይሰረቅ ዙሪያውን አጠሩት። ዛሬ በዓለም ያሉት የዚህ ዝርያ ዛፎች ሁሉ ከዚያ አንድ ዛፍ ቅርንጫፍ በሰው እጅ እየተዳቀሉ የመጡ ናቸው።

የማዳቀሉ ሥራ እንዲህ ነው። ከመልካሙ ዛፍ የእርሳስ ውፍረት ያላት ቅርንጫፍ ትቈረጣለች፤ ሥር በያዘ ሌላ ችግኝ ላይ ልጣጭ ከልጣጭ ጋራ ተጋጥማ በጥብቅ ትታሰራለች፤ ቍስሉ ሲሽር ሁለቱ አንድ ዛፍ ይሆናሉ። ቁመትን በሚያሳጥር ሥር ላይ የተዳቀለ ዛፍ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። በእርሻው ውስጥ ሲዘዋወሩ ከግንዱ ግርጌ ትንሽ እብጠት ካዩ፤ እርሷ የዚህ ሥራ ጠባሳ ናት።

ይህ ሙያ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ከአርባ ምንጭ በላይ፤ በጋሞ ደጋ ያለችው ጨንቻ ፖምን ከሚሲዮናውያን ከተቀበለች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗታል። የጨንቻ ገበሬ ከፍሬው ሌላ በእጁ ያዳቀለውን ችግኝ እየሸጠ ኑሮውን ያሻሽላል። ስፍራውም ተስማሚ ነው፤ ፖም ብርድ ይወዳልና። ብዙዎቹ ዝርያዎች በዓመት እስከ 1,000 ሰዓት የሚደርስ ቅዝቃዜ ሲፈልጉ፤ በእስራኤል የተገኘችው አና የተባለችው ዝርያ ግን ከዚህ ሢሶው እንኳ ይበቃታል። የትኛው ዝርያ ለየትኛው ደጋ እንደሚስማማ ለይቶ ማወቅ የተማረ ሰው ሥራ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ዘሩን ይተዉት፤ ቅርንጫፍም ቈርጠው በሻንጣ አይደብቁ። ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ምስክር ወረቀት የሚገባ አታክልት ተባይና በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። ይልቁንስ ባለ እርሻውን በትሕትና ይጠይቁት፤ ምን ዓይነት ሥር እንደሚጠቀም፤ በየትኛው ወር እንደሚያዳቅል፤ ቢላዋውን እንዴት እንደሚይዝ ያሳይዎት። ከገበሬ ዘንድ ስለ ሥራው የጠየቀውን ሰው የሚጠላ ጥቂት ነው። ሙያ በልብ ነውና የተማሩትን ጉምሩክ አይፈትሽብዎትም። ወደ አገር ቤት ሲመለሱም አንድ ቀን ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ይውጡ፤ ያዩትንና የሰሙትን ከዚያ ገበሬ እጅ ጋራ ያስተያዩት።